ጎበዝ የነበረ ልጅ ለምን ትምህርት ይጠላል? ምክር ፈልጌ ነው

የበኩር ልጅ (ጥያቄውን ያነሳችው) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 13 ዓመቱ ነው። እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ከአንድ እስከ ሦስት ይወጣ ነበር። ማንበብ የቻለውም ከእኩዮቹ ቀድሞ ነው። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባና ሁሉ ነገር ተገለባበጠ።

የጀመረው በአንድ የሒሳብ ፈተና ነው። ከ20 ያመጣው 6 ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ ከፍራሹ ሥር ደብቆት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ያለ ቀን ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል። ውሸት አይደለም፤ ፊቱ ሲገረጣ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ። "ለኔ አይሆንም፣ ሥራ ብጀምር ይሻለኛል" ማለትም ጀምሯል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ደብተሩ ነው። ትናንት ከፈትኩት። አንድ ጥያቄ ላይ ጽፎ አጥፍቶ፣ ጽፎ አጥፍቶ፣ ወረቀቱ በላጲስ ተቀዷል። ከቀዳዳው በታች ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ ባዶ ናቸው።

እህታችን ደግሞ አለች፤ 15 ዓመቷ ነው። ውጤቷ መካከለኛ ነው፤ አንዳንዴም ትወድቃለች። ግን መቅረት አታውቅም። ስትወድቅ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ከዚያ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ "አንቺ እንዴት ሠራሽው?" ትላለች። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ የአንድ እናትና አባት። ነገሩ ጭንቅላት ቢሆን ኖሮ ላቁም የሚለው እሱ ባልሆነ ነበር። እኔ "ጎበዝ ነህ እኮ" እያልኩት አፌ ደረቀ። ምኑ ነው የጠፋኝ?

---

ጠመኔ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ 19 ዓመት አስተምሬአለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ልጅ ትምህርትን በአንድ ቀን አይተውም። መጀመሪያ እጁን ማውጣት ይተዋል። ቀጥሎ ወንበር ይቀይራል፤ ከፊት ይነሳና ኋላ ይቀመጣል። ከዚያ የቤት ሥራ ይቀራል። ከዚያ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ከዚያ የፈተና ቀን። በመጨረሻ ስም ስጠራ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ከኋላ አንዱ "እሱ ተወ እኮ" ይለኛል። እኛ ተወ የምንለው ያን ቀን ነው። እሱ ግን ከተወ ዓመት ሆኖታል።

ለዚህ ብዬ ከስም መጥሪያዬ ጀርባ ሌላ ዝርዝር እይዛለሁ። እጁን ማውጣት ያቆመ ልጅ ስሙ እዚያ ይገባል። ዝርዝሩን ከውጤት ጋር ሳስተያየው ደካሞቹ ብቻ አይደሉም ያሉት። እንደ ወንድምሽ ያሉ አሉበት፤ ወድቀው የማያውቁ። ወድቆ የማያውቅ ልጅ መነሳትን የት ይለማመደዋል? እህትሽ ግን ተለማምዳዋለች።

ሌላም አለ። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ አንድ መምህር የነበረው ልጅ ስምንት መምህር ይኖረዋል። ሁላችንም በየተራ 40 ደቂቃ እናየዋለን፤ "የኔ ልጅ" የሚለው ግን የለም። ሰውነቱ እየተለወጠ፣ ጓደኛ ምን ይለኛል እያለ በሚሳቀቅበት ዕድሜ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ቢጠፋ ስምንታችንም ሌላው ጠይቆት ይሆናል እንላለን።

---

የንባብ ሰው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

የሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። መምህር፣ እርስዎ ከስም መጥሪያው ጀርባ የያዙትን ነገር ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲለኩት ኖረዋል። ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት ይሉታል፤ ራስን መግዛት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ወድቆ መነሳት ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ በአራት አካባቢዎች የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ስለ 750 ገደማ ልጆች ተጠየቁ። ፊደል ለይቷል ወይ አልነበረም ጥያቄው። ከጓደኛው ጋር ሲጋጭ ራሱ ይፈታዋል? ሌላው ሲናገር ያዳምጣል? ለእኩዮቹ ያግዛል? የሚል ነበር። ልጆቹን ወጣት እስኪሆኑ ድረስ ተከታተሏቸው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ መለኪያ በአንድ ነጥብ የሚበልጥ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድሉ በ54 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ የቀለም ችሎታ ግምት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ኒውዚላንድ፣ ደኒደን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን እስከ ዛሬ የሚከታተል ጥናት አለ። ከ3 እስከ 11 ዓመታቸው ራስን መግዛት ላይ ዝቅ ብለው የታዩት በጉርምስና ወጥመድ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ሰፋ፦ ሲጋራ፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ ያለ ምንም ማስረጃ ትምህርት ማቋረጥ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። አልበርት ባንዱራ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ያብራራው ነገር አለ፤ እኔ "እችላለሁ ባይነት" ብዬ ነው የምጠራው። "ጎበዝ ነኝ" ከማለት ይለያል። "ይህችን ነገር ብሞክራት እወጣታለሁ" ብሎ ማመን ነው። ምንጩ አራት ነው ይላል። ራስ ሞክሮ ማሳካት፣ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲያሳካ ማየት፣ ከሰው የሚሰማ ማበረታቻ፣ እና የገዛ ሰውነት ስሜት። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። አንቺ የያዝሽው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አራተኛው ደግሞ ያ የሆድ ቁርጠቱ ነው፤ ሆዱ ሲቆርጠው "አልችልም ማለት ነው" ብሎ ይተረጉመዋል። የእህትሽ "እንዴት ሠራሽው?" ሁለተኛው ነው። ማንም ሳያስተምራት አግኝታዋለች!

---

እውነቱ ይነገር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እሰጋለሁ። ሥራዬ ከችግረኛ ቤተሰቦች ጋር ነው። ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ቤት በእግሬ ዞሬ አንኳኩቻለሁ። አባት ታመመ፣ ልጁ ሥራ ገባ። እናት ወለደች፣ ሴቷ ልጅ ሕፃን ልትይዝ ቀረች። የወር አበባ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ውኃ የለውም፣ በወር አራት ቀን ትቀራለች፤ አራቱ ቀን ተጠራቅሞ ዓመት ያስደግማታል። ለዚህች ልጅ "በራስሽ ተማመኚ" ብንላት ሕፃኑን ማን ይይዝላታል?

ጥፋቱን ከድህነት ላይ አንስተን በልጁ ጠባይ ላይ እንዳንጭነው ነው ፍርሃቴ።

---

የሦስት ልጆች እናት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

አፍሽ ይባረክ። ይህን የሚል ሰው ስጠብቅ ነበር።

---

የንባብ ሰው · ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20

እህቴ እውነቱ ይነገር፣ ልክ ነሽ። ትናንት ይህን አለማንሳቴ የኔ ጥፋት ነው።

ያንግ ላይቭስ የሚባል ጥናት አለ። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይከታተላል። ሁለት ተመራማሪዎች ከዚህ ጥናት ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። በ7 እና በ8 ዓመታቸው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ልጆች፣ 11 እና 12 ሲሞላቸው "እችላለሁ" የሚሉት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለራሳቸው ያላቸው ግምትም፣ "እስከዚህ ድረስ እማራለሁ" የሚሉት ምኞትም እንዲሁ። ቁመት ያጠረው በምግብ እጥረት ነው። ረሃቡ አጥንት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጁ ለራሱ የሚሰጠው ቦታ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ክህሎቱ ዝቅ ያለ ልጅ ስናይ ጠባዩን ከመውቀስ በፊት ምን እንዳለፈበት መጠየቅ አለብን።

ትልቅ መማሪያ የሆነን ሌላ ነገርም አለ። ልጅ ፊት ጣፋጭ አስቀምጠው "ከታገሥክ ሁለት ታገኛለህ" የሚሉትን ሙከራ ሳትሰሙ አትቀሩም። የታገሠ ልጅ ኋላ ይሳካለታል ተብሎ ብዙ ተወርቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ላይ እንደገና ሲታይ ግንኙነቱ በግማሽ ቀነሰ። የቤተሰብ ኑሮና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ሲታሰብበት ደግሞ ከቀረውም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ነገ እንደሚበላ ያላወቀ ልጅ ዛሬ ያገኘውን ቢበላ ምኑ ላይ ነው ድክመቱ?

---

እውነቱ ይነገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

አመሰግናለሁ። እንዲህ ከተባለ ተግባብተናል።

እኔም ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር፤ የናንተን ሐሳብ የሚደግፍ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ቤተሰብ ሁሉንም ልጅ አንድ ላይ አያስቀርም። ይመርጣል። ሲመርጥ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "እሱስ ቢሆን ትምህርቱን ጠልቶት የለ።" ደብተር የሚደብቀው፣ ጠዋት የሚያመው፣ "አይሆንልኝም" የሚለው ልጅ መጀመሪያ ከትምህርት ይነሳል። አንድ ቤት ግን አባትየው ሁለተኛዋን ልጁን ሊያስቀራት አስቦ ነበር። ልጅቷ ራሷ መምህሯ ዘንድ ሄዳ ተናገረች። መምህሯ ቤት ድረስ መጡ። ልጅቷ ቀጠለች። ድህነቱ ያው ነው፤ ግን ሄዳ መናገር ችላለች፣ የሚሰማትም ሰው አገኘች። ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ቤት ናት።

---

የሦስት ልጆች እናት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ተራዬ ከሆነ እኔም ላውራ። ሁለተኛዋ ልጄ ፊደል የለየችው ዘግይታ ነው። አንደኛ ክፍልን ደግማለች። ያኔ ብዙ አልቅሻለሁ፤ ዘመድ አዝማዱም "ይህችስ አትገፋም" ብሏል።

ዛሬ 16 ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ናት። በትንሽነቷ የነበራት አንድ ነገር ነው ያሻገራት ብዬ አምናለሁ። "አልገባኝም" ማለት አታፍርም። ስድስት ዓመቷ ሳለ ቁጥር ሳስቆጥራት ጣቶቿን ዘርግታ ሰባት ላይ ትሳሳታለች። ትቆማለች። እጇን ትጨብጣለች። "ከመጀመሪያ" ትለኛለች። እኔ ተሰላችቼ "ይበቃል" ስላት "አይ፣ ከመጀመሪያ" ትላለች። አሁንም ያቺው ናት። አሥር ዓመት ሙሉ "ከመጀመሪያ" እያለች ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ግን ፈጣን ነበር፤ እሱን በሰው ፊት "ሊቅ" እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ስም ከብዶት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ጥያቄ መጠየቅ ለሱ ሊቅነቱን መጣል ነበር። እሱም ደርሷል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን በብዙ ጭንቅ።

---

ዘግይቶ የተመለሰ · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡45

ከጀመራችሁት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ያ የተቀደደ ደብተር እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ያቋረጥኩት በ15 ዓመቴ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ቤታችን ችግር አልነበረም። በክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጣሁ፣ ተሳሳትኩ፣ ተሳቀብኝ። መምህሩም ሳቁ። ከዚያ እንደ ቀልድ ሦስት ቀን ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሰው እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነበር የቀረሁት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። "ማንም አልጠየቀኝም፣ አሁን ብገባ ደግሞ የት ነበርክ ይሉኛል" አልኩና ተመለስኩ። ሰባት ዓመት ቆየሁ።

ጋራዥ ነው የገባሁት። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ነው የለወጠኝ። መጀመሪያ ቡሎን ብቻ ነበር የሚያስፈታኝ። ሲቀናኝ ጎማ። ሲቀናኝ ፍሬን። አንድም ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ከበድ ያለ ሥራ ይሰጠኛል፣ እኔም ያመነኝ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ቀን ሞተር ስንፈታ "አንተ እኮ የማታ ብትማር ትጨርሳለህ" አለኝ። በ22 ዓመቴ ተመለስኩ። ስምንተኛን ከልጆች ጋር ተፈተንኩ። ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።

የንባብ ሰው፣ ያ ባንዱራ ያልከው ሰውዬ የጻፈውን አለቃዬ ሳያነበው ሠርቶብኛል።

---

አዲስ አባት · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህ ሁሉ በሕፃንነት የሚሠራ ከሆነ 13 ዓመት የሞላው ልጅ አበቃለት ማለት ነው?

---

የንባብ ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

አላበቃለትም። ከአንተ በላይ የጻፈው ወንድማችን ራሱ መልስ ነው።

ቀድሞ መጀመር ይጠቅማል፤ ይህ እውነት ነው። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 123 ከድሃ ቤት የመጡ ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሽ ያህሉ ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፣ የቀሩት አልገቡም። የገቡት በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጠፋ። ሰዎች "ከንቱ ልፋት" አሉት። ልጆቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው ግን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከገቡት 77 በመቶ፣ ካልገቡት 60 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በተለይ በሴቶቹ ጎልቶ ታየ። የአእምሮው ብልጫ ከጠፋ ምን ቀረ? ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ መረጃውን መልሰው ሲፈትሹት ያገኙት መልስ ጠባይ ነው፤ ራስን መግዛት፣ ከሰው ጋር መኖር።

ግን በሩ በስድስት ዓመት አይዘጋም። እነዚህን ክህሎቶች በትምህርት ቤት የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ላይ ተገምግመዋል። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የነበሩ ከ270,000 በላይ ተማሪዎች ናቸው። ጠባያቸው ብቻ ሳይሆን የቀለም ውጤታቸውም ተሻሽሏል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣች አንዲት ትንሽ ጥናትም አለች፤ እኔ በጣም እወዳታለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ፣ መምህራቸው አረመላቸው። ለግማሾቹ እርማቱ ላይ አንዲት ማስታወሻ ተለጠፈች። መልእክቷ፣ ይህን ሁሉ ያረምኩት ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርስበት ስለማውቅ ነው፣ የሚል ነው። ለቀሩት ተራ ማስታወሻ። ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ድርሰቱን አስተካክለው የመለሱት በተራው ማስታወሻ 17 በመቶ፣ በዚያችኛዋ 72 በመቶ ሆኑ። "ጎበዝ ነህ" አላለቻቸውም። ስህተታቸውንም አልደበቀችም።

---

ጠመኔ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዘግይቶ የተመለሰ፣ ልጄ፣ በዚያ መምህር ፈንታ እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ማን ላይ እንደሳቅኩ ግን አላስታውስም፤ ያ ልጅ ያስታውሰኛል።

ለበኩር ልጅ የምመክረው ይህ ነው። ላጲሱን ለጊዜው ውሰጂበት። ሲሳሳት በአንድ መስመር ይሰርዝና ከሥሩ ይቀጥል፤ ስህተቱ ይታይ፣ አያሳፍርም። ከአምስተኛ ክፍል ጥያቄ ጀምሪለት። ከዚያ ስምንታችንን መምህራን ሁሉ አታሳድጂ። አንድ ፈልጊ። አንድ ብቻ፣ ቢቀር የሚጠይቀው።

---

የበኩር ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እንዴት ናችሁ። ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው።

"ጎበዝ ነህ" ማለቱን አቆምኩ። መጀመሪያ ሰሞን ከበደኝ፤ አፌ ለምዶታል። ላጲሱን ስወስድበት ተቆጣ። የአምስተኛ ክፍል ጥያቄ ስሰጠው ደግሞ "ሕፃን አደረግሽኝ?" አለኝ። ለእህታችን እንዲያስረዳት ነው ብዬ ሰጠሁት፤ እሷም ገብቷት አብራኝ ሠራች። አሥሩንም ሠራ። በሦስተኛው ቀን ወደ ስድስተኛ ክፍል ተሻገርን። ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ቆመ። ለካስ ችግሩ እዚያ ነበር፤ አምና ለአንድ ወር ታሞ የተኛ ጊዜ ያለፈው ትምህርት ነው። ይህን ማናችንም አላስታወስንም ነበር። ልጁ ያላየውን ትምህርት እንደማይችለው አድርጎ ይዞት ነበር።

የክፍሉን ኃላፊ መምህር አነጋገርኳቸው። ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው፣ ግን ሰሙኝ። ደብተሩ ላይ እርማት ካደረጉ በኋላ ከታች ሁለት መስመር ጽፈውለታል። አላሳየኝም። ገጹን ግን አጥፎታል።

ሁሉ ተስተካከለ እንዳልላችሁ፣ ሆዱን አሁንም ይቆርጠዋል። ያለፈው ሐሙስም ቀርቷል።

---

ዘግይቶ የተመለሰ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡55

ሐሙስ ሲቀር ማን ጠየቀው?

---

የበኩር ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

የክፍል አለቃው ደወለ። መምህሩ ናቸው ያስደወሉት። ሁለት ጊዜ ነው የደወለው፤ የመጀመሪያውን እኔ አነሳሁት። ሁለተኛውን እሱ ራሱ አነሳው፣ በረንዳ ወጥቶ አወራ፣ ተመልሶ "ነገ የቡድን ሥራ አለን አሉ" አለኝ። ዓርብ ሄደ።